የሸክላ ሠሪዋ ልጅና ልዩው የእንግሊዝኛ ክፍል

አቶ ደርበው የሚባሉ ርዕሰ መምህር ነበሩ አሉ፤ ሲያስነጥሱ እንኳ በእንግሊዝኛ ነው። ክራባታቸው ከእሳቸው ቀድሞ ቢሮ ገብቶ ወንበር ይይዝላቸዋል።

እኚህ ሰው ልዩ የእንግሊዝኛ ክፍል ከፈቱና የነጋዴውንና የባለሥልጣኑን ልጅ ሁሉ መዝግበው፣ የአንዲት ሸክላ ሠሪን ልጅ ከበር መለሷት። ልጅቷ አልቅሳ አልቅሳ ሁለት እንስራ እንባ ሞላች። እናቲቱ ይህን ስታይ ጭቃ የነካ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ የወላጆች ስብሰባ መሐል ሰተት ብላ ገባች።

«ስሚ አንቺ ሴትዮ!» አሉ አቶ ደርበው፣ ሰዉ ሁሉ እንዲሰማላቸው። «እንግሊዝኛ ጉጉት ይፈልጋል። የሀብታም ልጅ ቤቱ ቴሌቪዥን አለ፣ ውጭ አገር አጎት አለው፤ ስለዚህ ይጓጓል። ጭቃ ከሚቦካበት ቤት ግን ጉጉት ከየት ይመጣል? እስቲ አንድ ምክንያት ንገሪኝና ዛሬውኑ ልመዝግባት። ካጣሽ ግን ሁለተኛ እዚህ ድርሽ እንዳትይ!»

ወላጆቹ ሳቁ። ሴትዮዋ ግን ፊቷን አላጠቆረችም።

«ጌታዬ፣ ጉጉትማ ከእኛ ቤት ወዲያ ላሳር! ባለፈው እርዳታ የሚሰጡ ፈረንጆች መጥተው ምን እንደቸገረን ሲጠይቁን፣ ‹የትምህርት ቤቱ ጣራ ያፈሳል፣ ውኃ የለም፣ ሽንት ቤቱ ተደርምሷል› እያልን ግማሽ ቀን ተናገርን። እርስዎ በሁለት ቃል ተረጎሙላቸው። እነሱም አጨብጭበው፣ እጅዎን ጨብጠው፣ ስቀው ሄዱ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቤተሰቡ በሙሉ እንቅልፍ አጥቷል። ልጄ እንግሊዝኛ ተምራ፣ ያን ቀን በእርስዎ አፍ ምን ብለን እንደነበር ትንገረን ብለን ነው።»