ሁለት ደብዳቤ ለአንዲት እናት

አስከሬን ሳይወጣ ምሳሌ መናገር ነውር መሆኑን አላጣሁትም። ስለዚህ ከመጀመሬ በፊት ሟቹን ውብሸትን፣ ለቀስተኛውንና መላውን የእድራችንን አባላት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጥፋቱ ግን የእኔ ብቻ አይደለም። የእድሩ ጸሐፊ መንበሩ ድንኳኑ ጥግ ድረስ መጥቶ፣ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ጠየቀኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀብሩ ላይ የውብሸትን የሕይወት ታሪክ የሚያነበው እሱ ነው። ሁልጊዜ የሚያነባት ወረቀት ከኪሱ አትለይም፤ «ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ትሑትና ታታሪ ነበር» የምትለዋ። የሰፈሩን ሰው ሁሉ የቀበረች ወረቀት ናት፤ ስም ብቻ ይለወጥባታል። ዛሬ ግን የውብሸት ሚስት ቀድማ አስነብባው፣ «ይኼ የኔ ሰው አይደለም። የኔን ጻፍልኝ» አለችው።

«ጋሼ፣ ምን ጎደላት? ሰው ከዚህ በላይ ምን ተብሎ ይመሰገናል?» አለኝ፤ ከልቡ ከፍቶታል።

እኔም ከአቅሜ በላይ የሆነ ጥያቄ ነው ብዬ ይህን ነገርኩት።

አንድ ወታደር ነበረ። አገሩ ዩክሬን ነው፤ አፈሩ እንደኛ መረሬ ጥቁር፣ ስንዴው ሰው የሚውጥ። ጦርነት ሲመጣ እንደ እኩዮቹ ጠመንጃ ያዘ። በጠመንጃው ምን እንደሠራ አልሰማሁም። የእጅ ጽሕፈቱ ግን ያማረ ነበርና አዛዡ ጠርቶ ለሟች ቤተሰቦች ደብዳቤ እንዲጽፍ አዘዘው። እንዳይቸገርም ናሙና ሰጠው። «ልጅዎ ደፋር፣ ጓዶቹን አክባሪ፣ ለአገሩ ሟች ነበር፤ እንደ ጀግና ወደቀ» ይላል። ክፍት የተተወው የስሙ ቦታ ብቻ ነው።

መልካም አሠራር ነው፤ እኔ አልነቅፈውም። ቤተሰብ ይጽናናል፣ ሟችም አይከራከርም። ይሁን እንጂ በዚያ ጦር ውስጥ ፈሪ ሞቶ አያውቅም፤ ሰነፍም፣ ነገረኛም። የሚሞተው ደፋሩ ብቻ ሆነ። በሕይወት የቀሩትም ስለ ራሳቸው ትንሽ ይጠራጠሩ ጀመር።

ጦሩ ለእረፍት ወደ አንድ መንደር በተመለሰ ጊዜ አንዲት ባልቴት ወታደሩን አፈላልጋ መጣች። ከጉያዋ ሁለት ደብዳቤ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። አላለቀሰችም።

«ሁለት ልጆች ሰጥቻችሁ ነበር። አንዱ ደብዳቤ የዳኒሎ ነው፣ አንዱ የሚኮላ። ስማቸውን በጣቴ ስሸፍነው ግን የቱ የማን እንደሆነ ጠፋኝ። የጻፍከው አንተ ነህ አሉ። የትኛው ነው ዳኒሎዬ?»

ወታደሩ ደብዳቤዎቹን አያቸው። ሁለቱም በራሱ ባማረ እጅ የተጻፉ ናቸው፤ ነጥባቸው ሳይቀር አንድ። ደግሞ እኮ ሁለቱንም ያውቃቸው ነበር፤ ክረምቱን ያሳለፈው ከነሱ ጋር በአንድ ምሽግ ነው።

ወንበር ሳበላትና ይነግራት ጀመር። ዳኒሎ የጦሩን ፀጉር የሚቆርጠው በወጥ ቤት መቀስ ነበር፤ ከእጁ ደህና ጆሮ ይዞ የተነሣ የለም፤ ያ ጦር እስከ መጨረሻው የተዋጋው ፀጉሩ ተንጋዶ ነው። ሚኮላ ደግሞ ሲፈራ ይዘፍናል። ድምፁ ዘይት ያላየ የበር ማጠፊያ ነው፤ ጓደኞቹ በፀጥታ እንዲፈራ ስንቴ ለምነውታል። በሞተበት ቀን ዘፈኑ መሐል ላይ ቀረ። ያን ዕለት ዝምታው ከመድፉ ይልቅ ከበዳቸው።

ሴትዮዋ ሳቀች። «ድመቴንም እንዲሁ ላጭቶብኛል» አለች ስለ ዳኒሎ። ከዚያ ሳቋ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ ብዙ አለቀሰች።

«አሁን ሞቱብኝ። እስከ ዛሬ የሞተብኝ የማላውቀው ሰው ነበር» አለችው።

ወታደሩ በማግስቱ ናሙናውን ለአዛዡ መለሰ። አዛዡ ተቆጣ፤ ሥነ ሥርዓት ፈረሰ አለ። እሱ ግን ቀደም ብሎ ለጻፈላቸው ቤተሰቦች ሁሉ፣ ሟቹን የሚያውቁትን እየጠየቀ እንደገና ጻፈ። ቆስሎ ከጦሩ ሲሰናበትም ብዕሩን አላስቀመጠም። የመጀመሪያ መጽሐፉ ስለ አንድ መጥፎ ፀጉር ቆራጭ ነው። ሊቃውንቱ አነበቡና፣ ቋንቋው ደህና ሆኖ ጀግና ይጎድለዋል አሉ። ሁለተኛው ሲፈራ ስለሚዘፍን ሰው ነው፤ እሱም ጀግና የለበትም ተባለ። ሦስተኛውን አልጨረሰውም። ሙታኑ በዙበት፤ እያንዳንዳቸውም ሌላውን አልመስልም አሉት።

ልጄ መንበሩ፣ አሁን ወዳንተ ልምጣ። ናሙናው በኪስህ ያለችው ወረቀት ናት። እናቲቱ እዚያ ፍራሽ ላይ የተቀመጠችው ሴት ናት። ወታደሩም አንተ ነህ፤ ውብሸትን እኮ ሠላሳ ዓመት ታውቀዋለህ። ዳማ ሲጫወት ቆርኪ ካልሲው ውስጥ ሲደብቅ የያዝከው አንተ ነህ። ምጥ የያዛትን ጎረቤቱን በጭነት መኪናው ሐኪም ቤት አድርሶ፣ የተወለደው ልጅ በእሱ ስም ስላልተጠራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያኮርፍ ያስታረቅኸው አንተ ነህ። ትሑት አልነበረም። የሞተው ግን እሱ ነው፤ ትሑቱ ሰውዬ አይደለም። እሷም ልታለቅስ የምትፈልገው ለእሱ ነው። ገና ስድስት ሰዓት ነው። ወረቀቷን ገልብጣት፤ ጀርባዋ ባዶ ነው።

ይህን የነገርኩህን ግን አደራ ለማንም እንዳታወራ፤ ለእድሩ ሹማምንት በተለይ። ያቺን ወረቀት ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ጸሐፊ ሳለሁ ያረቀቅኋት እኔ ነኝ። በእሷ አባትህንም ቀብሬያለሁ። ለእሳቸው ስትል እንኳ ዝም በልልኝ።