የአያ ዝንጀሮ ተራ

ወንዝ የማን ነው? የላይኛው ነው ወይስ የታችኛው? ልጆቼ ጠይቀውኝ እስከ ዛሬ መልሱ ጠፍቶኛል። ተረቱን ግን አውቀዋለሁ፤ ስሙኝ።

ድሮ፣ ዝናብ ቀጠሮውን ማክበር በተወበት ዘመን፣ ከአንድ ወንዝ ላይኛው በኩል አያ ዝንጀሮ በቆሎውን ያጠጣ ነበር። ከታች ደግሞ እመት ጉማሬ ከልጇ ጋር በኩሬው ትኖራለች። የውሃ አባት ሆነው ተራ የሚያካፍሉት ሽማግሌው አባ ኤሊ ናቸው። ሕጉ አንድ ነው፤ ከሰዓት በበቆሎው ዳር የቆመው ዋርካ ጥላው ነጩን ድንጋይ ሲነካ ላይኛው ቦዩን ይዘጋል፣ ውሃው ወደ ታች ይወርዳል።

ወንዙ እየቀጠነ ሲሄድ አያ ዝንጀሮ አሰበ። "ጥላ ከሌለ ተራዬ አያልቅም" አለና ዋርካውን ገዝግዞ ጣለው።

የጉማሬዋ ልጅ ኩሬው ከጉልበቱ በታች ወረደበት፤ ጀርባው እንደ ጠፍር ደረቀ። እናት አንጀቷ አልችል ብሎ ሽቅብ ወጣች።

"አያ ዝንጀሮ፣ ተራህ አላለቀም?"

"ጥላው ድንጋዩን ነካ?"

"አልነካም።"

"እንግዲያው አላለቀም።"

በማግስቱም ሄደች።

"አያ ዝንጀሮ፣ ተራህ አላለቀም?"

"ጥላው ድንጋዩን ነካ?"

ለአባ ኤሊ አቤት ብትል፣ "ሕግ ሕግ ነው ልጄ" ብለው አንገታቸውን ወደ ቤታቸው አስገቡ።

አንድ ቀን የዘገየው ዝናብ የሦስት ወሩን ባንድ ከሰዓት አወረደው። የዋርካው ሥር ይዞት የኖረው ዳርቻ ተናደ፤ በቆሎውም ዝንጀሮውም ተያይዘው ወረዱ። አያ ዝንጀሮ ሲንከባለል መጥቶ እመት ጉማሬ ጀርባ ላይ ተለጠፈ።

"እንደምን ዋልሽ፣ እመት ጉማሬ?"

"እግዜር ይመስገን። ተራህ አልቆ መጣህ?"

አያ ዝንጀሮ ጆሮዋን አጥብቆ ያዘ። እሷም እንደተሸከመችው አባ ኤሊ ፊት አቀረበችው።

ውሃው ሲጎድል እንስሳቱ ሁሉ ዳርቻውን በድንጋይ ካቡ፣ የዋርካ ችግኝም ተከሉ። የችግኟ ጥላ ግን ለጉንዳን እንኳ አይበቃም።

"እሷ እስክታድግ ጥላው አንተ ነህ" አሉት አባ ኤሊ፤ ነጩን ድንጋይም አስጠጉለት።

ይኸው አያ ዝንጀሮ በየቀኑ እጁን ዘርግቶ ይቆማል። ቁንጫ ቢበላው ማከክ የለም። ጎንበስ ካለ እመት ጉማሬ፣ ልጇ ከኋላዋ እየተንቦጫረቀ፣ "ቀና በል እንጂ፣ ዋርካው" ትለዋለች።

የጎረቤቱን ጥላ የቆረጠ፣ ለጎረቤቱ ጥላ ሆኖ ይቆማል።

እኔን ያስጨነቀችኝ ችግኟ ናት። ዝናቡ ዘንድሮም ዘግይቷል፤ የምትጠጣው ከላይኛው ተራ ይነሳላት ወይስ ከታችኛው? ልጆቼ መልስ እየጠበቁ ነውና እስቲ ምከሩኝ።