በረዶው ላይ ያልቆመው ቅርንጫፍ

አንድ ሰው ጥሩ ሐይቅ አገኘ። አገሩ በብርድ ወራት ሐይቁ ሁሉ እንደ ድንጋይ የሚጠነክርበት፣ ሰዉ በረዶውን በመጋዝ ቆርጦ፣ በጉድጓዱ ላይ ጨለማ ድንኳን ተክሎ፣ ጦሩን ይዞ ዓሣ የሚጠብቅበት አገር ነው። ጥሩ ሐይቅ ማግኘት ቀላል አይደለም። አንዱ ይደፈርሳል። ሌላው ጥልቅ ነው፤ ጦር አይደርስበትም። የዚህኛው ውሃ ግን ከመጥራቱ የተነሳ ከሥሩ የበቀለው ሣር ሳይቀር ይታያል።

በዚያ አገር አንድ ልማድ አለ። ዓሣ አዳኝ ድንኳኑን ነቅሎ ሲሄድ በጉድጓዱ ዙሪያ የጥድ ቅርንጫፍ ያቆማል። ጉድጓዱ ሲመሽ ስስ በረዶ ይሠራል፤ በላዩ ጥጥ የመሰለ በረዶ ሲወርድበት ደግሞ ከደህናው አይለይም።

ሰውዬው ቅርንጫፍ አላቆመም። ቅርንጫፍ ያየ ሁሉ ዓሣ እንዳለ ያውቃላ! ጭራሽ ጉድጓዶቹን በአካፋ በረዶ እየዛቀ አለበሳቸው።

አንድ ጎረቤቱ ማገዶ በመንሸራተቻ ጭኖ እየጎተተ በሐይቁ ላይ ሲያቋርጥ ከተሸፈኑት ጉድጓዶች አንዱ ውስጥ ገባ። ሚስቱ ከኋላው ነበረች። በደረቷ ተኝታ የመንሸራተቻውን ገመድ ወረወረችለትና ጎትታ አወጣችው። ነፍሱ ተረፈች። የግራ እግሩ ጣቶች ግን በብርዱ ጠቁረው ተቆረጡ።

ሴትዮዋን አንገበገባት። አምና ይህ ጉድጓድ የሸፈነ ሰው ባዶ እጁን ሲንከራተት የራሷን ሐይቅ ያሳየችው እሷ ነበረች። ቅርንጫፍ ቆርጣ ተሸክማ ሄደች። በረዶውን በዘንግ እየመታች የቀሩትን ጉድጓዶች ፈለገች፤ በእያንዳንዱ ዙሪያ አቆመች። ሰውዬው እየሮጠ መጣ።

«አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል? ሐይቄን ለአገር ሁሉ አሳየሽብኝ እኮ!»

«ያሳየሁት ጉድጓድህን ነው።»

«ባልሽንስ ማን በዚህ ና አለው? ሌላ መንገድ ጠፋ?»

«እንዴት አደረ እንኳ አትልም?»

«እሱማ… እግዜር ይማረው። ግን ሐይቁን ያገኘሁት እኔ ነኝ!»

ጩኸቱን ሰምቶ መንደርተኛው ተሰበሰበ። አንዳንዱም «እሱስ ልክ ነው፤ ለፍቶ ያገኘው ነው» አለ።

ሰውዬው ልብ አገኘ። አንዱን ቅርንጫፍ ሊነቅል ጨበጠ።

«ንቀለው» አለችው። «ነቅለህ ስታበቃ ግን በቦታው አንተ ቁምበት። የሚመጣውን ሁሉ ተመለስ እያልክ፣ ብርዱ እስኪያልፍ።»

ሰውዬው በረዶውን አየ። ስሱ ከየት እንደሚጀምር ከማንም ይልቅ ያውቃል። ቅርንጫፉን ለቀቀና ወደ ኋላ አፈገፈገ። «ልክ ነው» ካሉትም መካከል አንድም ወደፊት የተራመደ አልነበረም።

ያገኘነውን መልካም ነገር ለብቻችን ብንይዝ ንፉግ እንባላለን፤ እንባል። ጥቅማችን እንዳይታወቅ ብለን ሌላው የሚሰምጥበትን ጉድጓድ ስንሸፍን ግን ስሙ ሌላ ነው። ዳር ቆመን «ለፍቶ ያገኘው ነው» እያልን የምንፈርደውስ? ቅርንጫፉ ቢነቀል፣ ከእኛ መካከል በቦታው የሚቆም ማነው?