ከመካከል የወጣው ሰው

በአንዲት የወረዳ ከተማ አቶ ድልነሳው የሚባሉ፣ ንግግር የሚወዱ የትምህርት ኃላፊ ነበሩ። አንድ ቀን ሁለት ምክትሎቻቸውን አስከትለው ቲያትር የሚማሩ ወጣቶች ክፍል ገቡ። ቲያትር በጥንት ጊዜ እንዴት እንደተጀመረ የሚያስተምሩትን መምህር አቋርጠውም አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገሩ፤ ምክትሎቹም በየመሃሉ «ልክ ነው ጌታዬ» እያሉ አጀቧቸው።

በመጨረሻ፣ «ይህ የሁለት ሺህ ምናምን ዓመት ወሬ ምን ይሠራል? ከጥንቱ ቲያትር ዛሬ በዓይን የሚታይ አንድ ነገር ንገሩኝ። ካጣችሁ ክፍሉ ከነገ ጀምሮ ይዘጋል» አሉ።

መምህሩ መጽሐፋቸውን ያገላብጡ ጀመር። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ ግን ይህን ትምህርት ከምንም በላይ ትወደው ነበርና ፈራ ተባ እያለች ተነሣች።

«ጌታዬ፣ በጥንት ጊዜ ሰዉ ሁሉ አብሮ ነበር የሚዘፍነው። አንድ ቀን አንዱ ከመካከል ወጣና ብቻውን ይናገር ጀመር። አጠገቡ የቆሙት ይቀበሉታል፤ የቀረው ሰው ዝም ብሎ ያያል። ቲያትር የተጀመረው እንዲህ ነው።»

«እሺ፣ ይሄ ዛሬ የት ይታያል?»

«እርስዎ ከገቡ ጀምሮ እያየን ነው።»

አቶ ድልነሳው ዞር ብለው ምክትሎቻቸውን አዩና ሳቃቸው አመለጣቸው። ከልጅቷ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጠውም፣

«በሉ መምህር፣ ይቀጥሉ፤ የኔ ትርኢት አልቋል» አሉ።