ምስጥ የሸሸው አፈር

"ምስጡ ለምን የሄደ ይመስልዎታል?"

ይህን የጠየቀኝ ሰው የልጆቼ መኝታ ክፍል ወለል ላይ ተንበርክኮ ነበር። ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። ዛሬ መልሱን ስላገኘሁት ነው በዚህ ጉባኤ ፊታችሁ የቆምኩት።

አንዲት እናት ነበረች። ቤቷ እንደ እናንተ ቤት እንጨትና ጭቃ ነው። ስለዚህ ምስጥ ምን እንደሚያደርግ አላስረዳችሁም። ማገሩን በላ። የአልጋውን እግር በላ። የልጆቿን ደብተር በላ። ገና ከ"ሀ" እስከ "መ" የጻፍኩበትን የጎልማሶች ትምህርት ደብተሬንም በላ። ይኸው፣ እናቲቱ እኔ መሆኔን ነገርኳችሁ።

ከሰፈራችን በታች የተዘጋ የነዳጅ ማደያ አለ። ከተዘጋ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ የአጥሩን ቋሚዎች ግን ምስጥ ነክቷቸው አያውቅም። ይህን መጀመሪያ ያስተዋሉት ጎረቤቴ እትዬ ውባለም ናቸው። ቦታውን የገዛው ሰው ለመሠረት መሬቱን ሲያስቆፍር በሬን አንኳኩ።

"የሲፈን እናት፣ ጆንያ ይዘሽ ውጪ። ያ አፈር ምስጥ አያስጠጋም።"

"ይሸታል እኮ፣ እትዬ።"

"ይሽተታ። አፍንጫሽን ነው የምታድኚው ቤትሽን?"

ሳቅን። ተሸከምን። አሥራ አንድ ቤት ተሸከመ። እኔ በልጆቹ ክፍል ደለደልኩት፤ ምስጡ የሚብሰው እዚያ ነበርና። በላዩ ጭቃ መረግሁበት፣ ሰሌን አነጠፍኩበት።

በሳምንቱ ምስጡ ጠፋ። ጉንዳኑም ጠፋ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም አላየሁም። ታዲያ ምን አደረግሁ? አሁን የቆምኩበት እዚህ ቦታ ላይ ቆሜ መሰከርኩ። "ጌታ ቤቴን ከሚበላ አዳነልኝ" አልኩ። እናንተም እልል አላችሁ። ታስታውሳላችሁ? እልል አላችሁ።

በዚያው ጊዜ ትልቋ ልጄ ሲፈን ጠዋት ጠዋት "እማዬ፣ ራሴን" ትለኝ ጀመር። ትምህርት ቤት ሄዳ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ይተዋታል።

"ትምህርት ቤት ስትደርሺ የሚለቅ ራስ ምታት ምን ዓይነት ራስ ምታት ነው?" አልኳት። ውሸታም አልኳት። አንድ ቀንም መታኋት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከወለድኩ በኋላ ነው፤ ልጄ ከትምህርት ትቀራለች የሚለው ፍርሃት እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር።

ወንድሜ ከገጠር ሊጠይቀን መጥቶ በር ላይ ቆመና "ቤቱን በላምባ ነው እንዴ የምታጥቡት?" ብሎ ቀለደ። እኛ ምንም አይሸተንም ነበር። ስቀን አስገባነው።

ባለፈው ዓመት የሰፈሩ የጉድጓድ ውሃ ላይ ቅባት ሰፈፈ። መርማሪዎች መጡ። በማደያው ግቢ መሬቱን በረጅም መሰርሰሪያ እየበሱ፣ ከየጥልቀቱ አፈርና ውሃ እያወጡ አዩ። ለካ የተቀበረው ታንከር ዝጎ ኖሯል። ነዳጁ ለዓመታት ጠብ ጠብ ሲል አፈሩ ጠግቦ፣ የተረፈው ወደ ከርሰ ምድሩ ውሃ ወርዷል። ከዚያ "ለመሠረት የተቆፈረው አፈር የት ገባ?" ብለው ጠየቁ። ሰፈርተኛው ወደ እኛ ቤቶች ጠቆመ።

ወደ እኔ ቤት የመጣው መርማሪ ዳምጠው ይባላል። ሰሌኑን አነሳ፤ ጭቃውን ፈንቅሎ አፈሩን በማንኪያ ወደ ብልቃጥ ከተተና ከደነው። ጥቂት ቆይቶ ክዳኑን ገለጥ አድርጎ የነዳጅ ትነት የሚለካ መሣሪያ ቀጭን አፍ አስገባበት። መሣሪያው ላይ ቁጥሩ ወደ ላይ ሮጠ።

"እዚህ ማን ይተኛል?" አለኝ።

"ልጆቼ። ሲፈንና ታናሿ።"

"ያማቸዋል?"

"ትልቋ ጠዋት ጠዋት ራሴን ትላለች። ትምህርት ቤት ስትደርስ ይተዋታል። ትምህርት ጠልታ ነው።"

"ቅዳሜስ?"

ወገኖቼ፣ ቅዳሜ ትምህርት የለም። ቅዳሜም ያማታል። 

"አፈሩን ለምን አመጡት፣ እናቴ?"

"ምስጥ ያባርራል ብለን።"

"አባረረ?"

"አባረረ እንጂ። አንድ የለም።"

ያኔ ነው ቀና ብሎ ምስጡ ለምን እንደሄደ የጠየቀኝ። ከዚያ ብልቃጡ ላይ ጻፈበትና መሬት አስቀመጠው። ፊደሉን አንድ በአንድ ቆጠርኩት። የ፣ ል፣ ጆ፣ ች። መ፣ ኝ፣ ታ። ከደብተሬ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ አንብቤ የጨረስኩት ጽሑፍ ይህ ነው። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ወዲያው ደግሞ በምን ላይ እንደተቀመጥኩ ትዝ ሲለኝ ተነሳሁ።

በዚያው ዕለት ልጆቼን ይዤ እህቴ ቤት ገባሁ። በሳምንቱ የሲፈን ራስ ምታት ተወት አደረጋት። ሐኪሙ ግን "የነዳጅ ትነት ደም ይጎዳል፤ ደሟን እየተከታተልን እናያለን" ብሎኛል። እስካሁን እየጠበቅሁ ነው። ጠዋት ጠዋት "ራስሽን ያምሻል?" እላታለሁ። "አያመኝም እማዬ፣ እመኚኝ" ትለኛለች። እመኚኝ ትላለች።

አሁን እኔም ልጠይቃችሁ። ከቤታችሁ ምን ጠፋ? ልጃችሁ መልስ መስጠት ስታቆም "ጨዋ ሆነች" አላችሁ። ባላችሁ መከራከሩን ሲተው "ሰላም ወረደ" አላችሁ። ጥፋታችሁን የሚነግራችሁ ወዳጅ እግሩን ሲያሳጥር "ተገላገልን" አላችሁ። ምስጋናም አቀረባችሁ። እኔም አቅርቤ ነበር። ግን ለምን ሄደ ብላችሁ ጠይቃችኋል? ወይስ እናንተን ስላልሸተታችሁ ሽታው የለም? በር ላይ ቆሞ ለሸተተው እንግዳ ምን አላችሁት?

ልጅ አመመኝ ስትል፣ እባካችሁ፣ እጃችሁን ሳታነሱ ሰሌኑን አንሱ።

ለአሥራ አንዳችንም የተነገረን አንድ ነገር ነው፤ ከቤቱ ውጡ፣ አፈሩም ተጠርጎ ይውጣ። እትዬ ውባለምን ሄጄ ለመንኳቸው። የልጅ ልጃቸውን እንዳዘሉ "ምስጥ ከሚመለስብኝ ሽታውን እችለዋለሁ" አሉኝ።

ምስጡ በሳምንቱ ሄደ። እኔ ከሁለት ዓመት በኋላ ወጣሁ። ከአሥራ አንዱ ቤት ሰባታችን ወጥተናል። አራቱ ዛሬም እዚያው ናቸው።