አንድ ቃል የምታውቀው እንቁራሪት

ተረት ተረት፣ ወንዝ የሞላ ለት።

የወንዝ ዳር እንስሳት ለዘመን መለወጫ የዜማ ማኅበር አቋቋሙ። ዓይን አፋሯ እንቁራሪትም ልትመዘገብ መጣች።

«ስንት ዜማ ታውቂያለሽ?» አላት ኩሩው አውራ ዶሮ።

«አንዲት ቃል ብቻ፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ሳሩ ውስጥ ሆነሽ አድምጪ።»

ሆድ ቢብሳትም በበዓሉ ቀን ሳሩ ውስጥ ተቀመጠች። ዶሮው ዘፈን አወጣ፤ ርግብም የራሷን አወጣች፤ ጉሬዛም እንደዚያው። ሁሉም አውጪ ሆነና ተቀባይ ጠፋ፤ እንግዶቹ ሊሄዱ ተነሡ። እንቁራሪት አላስቻላትም። ዶሮው ትንፋሽ ሲስብ «ቋ» ብላ ተቀበለችው። ደነገጠና ሌላ ስንኝ አወጣ፤ አሁንም «ቋ» አለች። በሦስተኛው ርግብና ጉሬዛ፣ እንግዶቹም ጭምር እያጨበጨቡ አብረዋት ተቀበሉ።

በማግስቱ ዶሮው ሳሩን እየገለጠ መጣ።

«እመይቴ፣ ያችን ቃል እስቲ አንዴ ይድገሙልኝ፤ እኔ ስላት አታምርም።»

እኔ አወጣሁ፤ እናንተ ተቀበሉ።