ተራራውን የከሰሰው ጭላዳ

ልጆች ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ትልልቆቹም ጆሮ ካላችሁ አትራቁ። ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ዳኛና ችሎት በነበራቸው ዘመን፣ ስሟን ነፋስ በወሰደባት አንዲት አገር፣ አንድ ጭላዳ ይኖር ነበር። ጭላዳ ማለት ያ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለው፣ ትከሻው ላይ እንደ አንበሳ ጎፈር የደረበ፣ ገደል አፋፍ ላይ የሚኖር የዝንጀሮ ዘመድ ነው። ሲቆጣ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ያሳያል፤ ያን ጊዜ ፊት ለፊቱ አለመቆም ነው።

ይህ አያ ጭላዳ የሚኖርበት ተራራ ከከፍታው ብዛት ደመና የሚያልፈው ከበታቹ ነበር። ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይጋገራል። አያ ጭላዳ ውርጩን ያይና «ይኸም አገር ሆኖ» ይላል። ቀትር ላይ አጎንብሶ አጫጭሩን ሣር እየነቀለ፣ «ይኸም አገር ሆኖ» ይላል። ፀሐይ ስትጠልቅ ነፋሱ ከዋሻ ዋሻ እየዞረ ያፏጫል፤ እሱም ልጆቹን አቅፎ እየተንቀጠቀጠ፣ «ይኸም አገር ሆኖ» ይላል።

ሚስቱ እመት ጭላዲት ሰለቻት። «አንተ ሰውዬ፣ ተራራው ቢሰማህ ምን ይልሃል?» አለችው።

«ይስማ እንጂ። እንዲሰማ ብዬ አይደል የምናገረው።»

ከዋሻቸው በላይ ባዶ ድንጋይ ላይ ደግሞ ጆፌ አሞራ ይኖር ነበር። ጆፌ አንገቱ መላጣ፣ ትከሻው ላይ ነጭ ላባ እንደ ነጠላ ጣል ያደረገ፣ ሲያዩት ጨዋ የሚመስል ነው። ጎጆውን በሠራ ቁጥር ነፋስ ይወስድበታል። ስለዚህ ዓይኑን ከጭላዳው ዋሻ ላይ ከተከለ ቆይቷል፤ ዋሻው ጥልቅ ነዋ፣ ነፋስ ቢገባበትም ጎጆ ነቅሎ አይወስድም።

አንድ ጠዋት ጆፌ ወረደና ከአያ ጭላዳ አጠገብ ተቀመጠ። «እንዴት አደርክ፣ አያ ጭላዳ?»

«በረዶ ሆኜ።»

«ቆላ ወርደህ ታውቃለህ?»

«እግሬ ከዚህ ገደል ወጥቶ አያውቅም።»

«እንግዲያማ ምኑን ኖርከው? እዚያ ሙዙ አናት ላይ እየወደቀ ያስቸግራል። ሸንኮራው ጫካ ነው። እንስሳው ሆዱን ለፀሐይ ሰጥቶ ነው የሚተኛው። በክንፌ ሄጄ፣ በዓይኔ አይቼ ነው የምልህ።»

አያ ጭላዳ ምራቁን ዋጠ። «ነገውኑ ሚስቴንና ልጆቼን ይዤ እወርዳለሁ።»

«ቆይ እንጂ» አለ ጆፌ። «ዝም ብለህ ብትሄድ ኮበለለ ነው የምትባለው። ይህ ተራራ ዕድሜህን ሙሉ በድሎሃል፤ ክሰሰው። አሸንፈኸው፣ ደረትህን ነፍተህ፣ በክብር ተሸኝተህ ትወርዳለህ። ጠበቃህ እኔ እሆናለሁ።»

«ዋጋህስ?»

«ምን ዋጋ አለው፣ ለአንተ ብዬ እንጂ። አንተ ከሄድክ በኋላ ያቺ ዋሻ ባዶዋን ከምትቀር እኔ እገባባታለሁ፤ ሌላ አልፈልግም።»

አያ ጭላዳ ይህን እንደ ትልቅ ደግነት ቆጠረው። የዚያ አገር እንስሳ ደግሞ ክስ ሲወድ ለጉድ ነው፤ ምሳው ከሚቀርበት ችሎቱ ቢቀርበት ይቆጨዋል።

ዳኛው አባ ዋልያ ነበሩ። ጢማቸው ረጅም፣ ቀንዳቸው ወደ ኋላ የተቆለመመ ሽማግሌ ናቸው። ጅባራ ከሚባል ረጅም የውርጭ አገር ተክል ሥር ተቀመጡና እንስሳው ከበባቸው።

«ከሳሽ ማን ነው?»

«እኔ አያ ጭላዳ።»

«ተከሳሹስ?»

«ይኸ የተቀመጡበት ተራራ።»

እንስሳው ሳቀ። አባ ዋልያ ግን አልሳቁም። «በደሉን ተናገር» አሉ።

«በነፋሱ ጆሮዬን አደነቆረው። ሣሩን አሳጥሮ ወገቤን አጎበጠው። ድንጋዩን አብዝቶ መቀመጫዬን ላጠው፤ ካላመናችሁ ዞር ልበልላችሁ።»

«አያስፈልግም» አሉ አባ ዋልያ። ቀጥለውም ወደ መሬት አጎንብሰው፣ «ተከሳሽ ምን ትላለህ?» አሉ።

ተራራው ዝም።

«በዕድሜ የገፋ ስለሆነ መልስ እስኪያስብ ጊዜ ይሰጠው» አሉ ዳኛው። «አንተ ግን ሕጉን ስማ። ካሸነፍክ ወደ ቆላ ትሸኛለህ። ከተሸነፍክ ደግሞ፣ አገሩን በሐሰት የከሰሰ አገር የለውምና፣ ዋሻህን ለቅቀህ ትወጣለህ።»

«ባሸንፍም መሄድ፣ ብሸነፍም መሄድ» አለ አያ ጭላዳ። «እኔ ምን ቸገረኝ?»

ጆፌ ላባውን አስተካከለ። ሕጉን ቀድሞውኑ ያውቀው ነበር። እመት ጭላዲት ግን ነገሩ አልጣማትም።

«እስከ ቀጠሮው በቁራኛ ይታሰሩ» ብለው አባ ዋልያ ተነሡ።

ቁራኛ ምን መሰላችሁ? በድሮ ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ አንዱ እንዳይጠፋ ነጠላ ለነጠላ ይቋጠሩ ነበር። ፍርድ እስኪሰጥ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ፤ እየተኳረፉም ቢሆን አብረው ይበላሉ። ተራራ ነጠላ ስለሌለው ከጓሳ ሣር ገመድ ተገመደና አንዱ ጫፍ በአያ ጭላዳ ወገብ፣ ሌላው ከችሎቱ አጠገብ ባለ ትልቅ አለት ተቋጠረ። ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኙ።

እመት ጭላዲት ሣር ነቅላ ይዛለት መጣች። «እህሳ፣ ከባላጋራህ ጋር ተግባባችሁ?»

«አላናግረውም» አለ አያ ጭላዳ።

ጎረቤቱም እየመጣ አጽናናው። ሽኮኮ መጥታ፣ «የኔንም ጨምርልኝ፤ ነፋሱ ልጆቼን በሳል ሊገድልብኝ ነው» አለች። ቀይ ቀበሮ መጥቶ፣ «እኔም ጉድጓዴ ነፋስ ገብቶት ወገቤን ይዞኛል» አለ። ሁሉም በደሉን ያራግፋል፣ ሲሄድ ደግሞ የያዘውን ትቶለት ይሄዳል። አያ ጭላዳ ዕድሜውን ሙሉ ሲያማርር ጎረቤቱን ጠይቆ አያውቅም ነበር፤ ብርዱ የእሱ ብቻ ይመስለው ነበር።

ከሰዓት በረዶ ወረደ። ወደ ዋሻው ሊሮጥ ሲል ገመዱ መለሰው። ምርጫ ሲያጣ ከአለቱ ሥር ተሸጎጠ። በረዶው ከላይ እየተፈናጠረ ያልፋል፤ እሱን ግን አንዲት ፍሬ አልነካችውም። በማግስቱ ደግሞ ጠራራ ፀሐይ ዋለ። አመሻሽ ላይ ነፋሱ ሲነሣ ጀርባውን አለቱ ላይ ቢያስደግፍ፣ ድንጋዩ ሲጠጣው የዋለውን ፀሐይ መልሶ ይሰጠው ጀመር።

አያ ጭላዳ ደነገጠ። አባ ዋልያ ሲያልፉ ጠራቸው። «ዳኛ ሆይ፣ ተከሳሹ ጉቦ እየሰጠኝ ነው፤ ይታወቅልኝ።»

«ምን ሰጠህ?»

«ሙቀት።»

«ተቀበልክ?»

«ጀርባዬ ተቀበለ፤ እኔ አልተቀበልኩም።»

አባ ዋልያ በጢማቸው ውስጥ ፈገግ ብለው አለፉ።

የቀጠሮው ቀን ጆፌ ከቆላ አንዲት ጦጣ በጀርባው አዝሎ መጣ። ምስክሬ ናት አለ። እመት ጦጢት እየተንዘፈዘፈች ችሎት መሃል ቆመች።

«ተጠየቂ» አላት ጆፌ።

«ልጠየቅ።»

«አገርሽ ምን አለ?»

«ሙዝ አለ፣ ሸንኮራ አለ፣ ሙቀት እንደ ልብ ነው።»

«ይህን አገርስ እንዴት አየሽው?»

«አገር ነው እንዴ? እኔ ጅብ ግጦ የጣለው አጥንት መስሎኝ።»

እንስሳው አጉረመረመ። የአያ ጭላዳ ጆሮ ቆመ።

«ነዋሪዎቹም አንጀት ይበላሉ» አለች ጦጢት። «ሣር ነው የሚበሉት። ሣር የአህያ ነው። ብርዱም ከንፈራቸውን ገልብጦባቸዋል።»

«ከንፈራችን ተፈጥሯችን ነው» አለ አያ ጭላዳ።

«ዝም በል፣ ለአንተ እኮ ነው የምትመሰክረው» አለው ጆፌ በሹክሹክታ።

«ዝም ብያለሁ።»

«እንዲህ ያለውን አገር ትቶ ያልሄደ» አለች ጦጢት፣ «ወይ እግር የለው፣ ወይ ጭንቅላት።»

የአያ ጭላዳ ጎፈር ተነሣ። ከንፈሩ ተገለበጠ። ገመዱን እየጎተተ ብድግ አለና ጠበቃውን በክንዱ ገፋ አደረገው።

«ተጠየቂ» አለ።

«ልጠየቅ።»

«ሣሩን ቀምሰሽዋል?»

«ኧረ አልቀመስኩም።»

«ያልቀመስሽውን አታጣጥዪ። ከሥሩ ስትነቅይው ነጭ ነው፤ እንደ ወተት ይጣፍጣል። ነፋሱም ቢሆን ትንኝ ድርሽ አያስብልም። እናንተ ዘንድ ትንኝ አለ?»

«ትንኝማ ሞልቷል።»

«ስትተኚ የት ነው?»

«ዛፍ ላይ።»

«ነብር ዛፍ አይወጣም?»

«ይወጣል። በአንድ ዓይኔ ነው የምተኛው።»

«እኔ ገደሌ ላይ በሁለቱም ነው የምተኛው» አለ አያ ጭላዳ።

«ይሁና» አለች ጦጢት ጅራቷን ቀጥ አድርጋ። «ነብሩም ቢሆን የአገሬ ነብር ነው። አንተ ምን አገባህ?»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። አያ ጭላዳ ራሱ ሳቀ።

አባ ዋልያ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው፣ «አንተ ስትሰድበው ከርመህ እሷ ብትሰድበው ምን አንገበገበህ?» ሲሉ ጠየቁት።

«እኔማ የራሴ ነው። እሷ ገና አሁን መጥታ ነው?»

«ታዲያ ይህ ተራራ ነገ ቢበድል፣ ነፋሱ ቢብስ፣ ማን ይጠየቅለታል?»

«እኔ እጠየቃለሁ። ዋሱ እኔ ነኝ።»

ቃል ከአፍ ከወጣ አይመለስም።

ጆፌ ክንፉን ዘረጋ። «ዳኛ ሆይ፣ ከሳሹ ለተከሳሹ ተሟገተ። ተሸነፈ ማለት ነው። ሕጉ ይፈጸምና ዋሻውን ለቅቆ ይውጣ።»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ ለአያ ጭላዳ የገባው። ቢያሸንፍም መውጣት፣ ቢሸነፍም መውጣት፤ በሁለቱም በር ጆፌ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሚስቱን አየ። ገደሉን የሚቧጥጡትን ልጆቹን አየ። ዛፍ ላይ በአንድ ዓይናቸው ሲተኙ ታየው። እንስሳቱ ገመዱን ሊፈቱለት ሲመጡ በሁለት እጁ ጨብጦ አልለቅም አለ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች እመት ጭላዲት።

«ጠይቂ» አሏት ዳኛው።

«አቶ ጆፌ፣ አንተ ክንፍ አለህ። ቆላውንም አይተኸዋል፤ ሙዙ አናት ላይ ይወድቃል ብለሃል። ታዲያ የኛ ቀዝቃዛ ዋሻ ምን ያደርግልሃል?»

ጆፌ መላጣ አንገቱን ላባው ውስጥ ቀበረ። «እኔም እኮ የተፈለፈልኩት እዚሁ ነው» አለ።

አባ ዋልያ ጢማቸውን ዳበሱ። «ፍርዱን ስሙ። ጭላዳ በከሰሰበት አፉ ዋስ ሆኗል። ዋስ ደግሞ የተዋሰለትን ጥሎ አገር አይለቅም፤ ይኸኛውም ሕግ ነው። ክሱ ተዘግቷል፤ ዋሻው የጭላዳ ነው። ጆፌ፣ አንተም አገርህ ከሆነ ጎጆህን ድንጋይ ጭነህበት ሥራ፤ የሰው ቤት አትመኝ።»

አያ ጭላዳ ገመዱን ጥሎ ሊፈነጥዝ ሲል፣ «ቆይ፣ ዋሱ» አሉት አባ ዋልያ። «አልጨረስኩም። በዚህ ተራራ ነፋስ የተጎዳ አለ?»

ሽኮኮ እጇን አወጣች። ቀይ ቀበሮ አወጣ። ያላወጣ አልነበረም።

«ዋስ ማለት ተከሳሹ ያጎደለውን የሚሞላ ነው» አሉ ዳኛው። «ተራራው እጅ የለውም፤ አንተ አለህ። የያንዳንዱን ዋሻ የነፋስ በር በድንጋይ ትክባለህ።»

«የሁሉንም?»

«የሁሉንም።»

«አፌ ነው ጉድ ያፈላብኝ» አለ አያ ጭላዳ።

«ተነሥ፣ ዋሱ» አለችው ሚስቱ እየሳቀች። «ያንን ትልቁን ድንጋይ ባንተ በኩል ያዘው።»

ያዘው። መጀመሪያ የሽኮኮን ዋሻ የነፋስ በር ካቡ፤ የልጆቿ ሳል ጋብ አለ። ሽኮኮም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ ከቀይ ቀበሮ ጋር ድንጋይ ታቀብል ጀመር። እመት ጦጢት ሣሩን ቀመስ አድርጋ፣ «ክፉ አይደለም» አለችና ወደ ነብሯ ወረደች። ጆፌ ግን ፍርዱን እስከ ዛሬ አልተቀበለም። ሰማይ ለሰማይ ሲዞር ብታዩት ይግባኝ የሚሰማ ዳኛ ፍለጋ ነው ይላሉ።

አያ ጭላዳስ? ውርጭ በወረደ ቁጥር ማማረሩን አልተወም። እያማረረ ግን ይክባል፣ እየካበ ያማርራል፤ እንግዳ መጥቶ ተራራውን ክፉ ሲናገር ከሰማ ከንፈሩ ይገለበጣል።

እኔ የደረሰኝን አደረስኩ፤ የሰማ ለልጁ ያቀብል። አበውም ከዚህ ተነሥተው እንዲህ አሉ፦ «አገሩን የሚወድ ይወቅሳታል፤ ወቅሶም ዋስ ይሆናታል።»